ፋይሉ እያለ «የለም» የሚል ስክሪፕት

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎቻችን ሰርቨር ላይ በየዓመቱ ፎልደር ተከፍሎላቸው ተቀምጠዋል፤ ከ2009 እስከ 2016። ፓይተን በራሴ እየተማርኩ ነው። የፋይል ስም ስሰጠው ፎልደሮቹን ዞሮ የት እንዳለ የሚነግረኝ ስክሪፕት ጻፍኩ። ዴስክቶፕ ላይ በሦስት ፋይል ስሞክረው ይሠራል። ሰርቨሩ ላይ ግን የሰራተኞች ዝውውር የሚለውን ፋይል በዓይኔ እያየሁት ‹ፋይሉ የለም› ይለኛል። ኤረር የሚባል ነገር አይሰጥም። እህታችሁ የቱ ጋ ነው የተሳሳተችው?» ከኮዱ ጋር የ2013ን ፎልደር ፎቶ አያይዛለች።

እህቴ፣ ኮድሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ፎቶውንም ደህና አድርጌ አየሁት። ችግሩ አንድ ቢሆን ኖሮ ራስሽ ታገኚው ነበር። ግን ተደራርቧል። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ከኋላው ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ስክሪፕቱ ያንኑ «የለም» ስለሚል «ይሄም አልሠራም» ብለሽ ትክክለኛውን ማስተካከያ መልሰሽ ታጠፊዋለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ፣ ያስተካከልሽውንም ሳትነኪ ወደሚቀጥለው እለፊ።

መጀመሪያ ሊስትዲር። ይሄ ፈንክሽን ፎልደር ስትሰጪው ውስጡ ያሉትን ስሞች ይመልስልሻል። ስም ብቻ ነው፣ አድራሻ የለውም። አንቺ ደግሞ ያንን ስም እንዳለ ወስደሽ ኢዝፋይል ለሚለው ፈንክሽን ሰጠሽው፤ «ይሄ ፋይል ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽው ማለት ነው። ኢዝፋይል አድራሻ የሌለው ስም ሲመጣለት የሚያየው ስክሪፕቱ የተነሳበትን ፎልደር ነው፣ ማለትም ተርሚናሉን የከፈትሽበትን ቦታ። 2013 ውስጥ አይገባም። የቤት ቁጥር ነግረሽ ቀበሌውን እንዳልነገርሽው ሰው አስቢው፤ የቆመበት ቀበሌ ውስጥ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይመለሳል። ሲያጣ ደግሞ ኤረር አይሰጥም። «ይሄ ፋይል ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ «አይደለም» ብሎ መመለስ ለእሱ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ኤረር ያላየሽውም ለዚህ ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ለምን ሠራ ታዲያ? ስክሪፕቱም ሦስቱ ፋይሎችም አንድ ቦታ ስለነበሩ፣ ተርሚናሉንም እዚያው ስለከፈትሽው። በአጋጣሚ ቀበሌው ገጠመ። ሙከራው ላይ ሠርቶ ሥራ ላይ የሚያቅት ስክሪፕት ካየሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይሄንን ይሁን። ስክሪፕቱን ከፋይሎቹ አርቀሽ፣ ተርሚናሉንም ከሁለቱም ርቆ ባለ ሦስተኛ ቦታ ከፍተሽ ሞክሪው። ዴስክቶፕ ላይ እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ ያኔውኑ «የለም» ይልሽ ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ለኢዝፋይል ከመስጠትሽ በፊት የፎልደሩን አድራሻና ስሙን በጆይን አገናኚያቸው፤ ከዚያ የተገናኘውን ስጪው።

ሁለተኛው ሪተርን ላይ ነው። ሁለት ሉፕ አለሽ፤ የውጪው በዓመቶቹ ይዞራል፣ የውስጡ በየዓመቱ ፋይሎች ይዞራል። «ፋይሉ የለም» ብሎ የሚመልሰው መስመር ከውስጠኛው ሉፕ ወጥቷል፣ ከውጪኛው ግን አልወጣም። አራት ስፔስ ወደ ቀኝ ገብቷል። ውጤቱ ምንድነው? 2009ን ዞሮ ሲጨርስ «የለም» ብሎ ይወጣል። ሌሎቹን ሰባት ዓመቶች ጨርሶ አላያቸውም። አንቺ የምትፈልጊው ፋይል 2013 ውስጥ ነው ያለው። ያንን መስመር ወደ ግራ ስቢው፣ የውጪው ሉፕ ከሚጀምርበት ፎር ከሚለው ቃል ጋር እኩል ይሁን።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ የኮድ ነገር ብቻ አይደለም። ስክሪፕትሽ «የለም» ሲል አንድ ፎልደር ብቻ ነው ያየው። አንዱን አይቶ ስለ ስምንቱ ተናገረ። «የለም» እና «አላገኘሁትም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስክሪፕት ሁልጊዜ ማለት የሚችለው ሁለተኛውን ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት እንዳንቺው ያለ ፈላጊ ጻፍኩ። አንድ አባት ለጡረታ የሚሆናቸው የሥራ ልምድ ማስረጃ ፈልገው ከክፍለ ሀገር መጡ። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ስማቸውን አስገባ፣ የኔ ስክሪፕት «ፋይሉ የለም» አለ፣ ልጁም ያየውን ነገራቸው። ተመለሱ። ፋይሉ ነበር። የእሳቸው ስም በኃ ይጀምራል፣ ልጁ የጻፈው በሀ ነው። ሲገኝ ወር አልፎታል፣ እሳቸውም ያንን መንገድ ዳግመኛ ተጓዙ። እስካሁን አልረሳውም። አንቺም ሰው ባለጉዳይ የሚሆንበት ቦታ ነው የምትሠሪው፤ ለዚህ ነው የማስረዝመው።

ወደ ፊደሉ ከመሄዴ በፊት ዎክ ስለሚባለው ፈንክሽን። ብዙ ሰው «ሊስትዲርን ትተሽ ዎክን ተጠቀሚ» ይልሻል፣ ልክም ናቸው። ከዓመቱ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ቢኖር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ቢኖር፣ ዎክ ሁሉንም ይወርዳል። የሊስትዲር ኮድሽ ግን አንድ ደረጃ ወርዶ ይቆማል። ፎቶሽ ላይ 2013 ውስጥ «ገቢ» እና «ወጪ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ይታያሉ፤ እነሱ ውስጥ ያለውን በአሁኑ ኮድሽ አታገኚውም።

ግን ዎክ ክፉ ጠባይ አለው። ሊስትዲር የሌለ ፎልደር ስትሰጪው ይጮሃል። ዎክ ዝም ይላል። አድራሻውን አንድ ፊደል ብትስቺ ዎክ ኤረር ሳይሰጥ፣ ምንም ሳይዞር፣ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ስክሪፕትሽም «የለም» ይላል። ፈቃድ የሌለሽ ፎልደር ሲያጋጥመውም ዘልሎ ያልፋል፣ አይነግርሽም። ይሄን የሚያስቆም ኦንኤረር የሚባል ነገር አለው፤ ስትጠሪው አንድ ትንሽ ፈንክሽን ትሰጪዋለሽ፣ መክፈት ያቃተውን ፎልደር ሁሉ እዚያ ያስረክብሻል። አንቺ ደግሞ ሊስት ውስጥ ታጠራቅሚዋለሽ። ሦስት መስመር አይሞላም። ዎክን ያለ ኦንኤረር መዝገብ ቤት ውስጥ አትጠቀሚ፣ እባክሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ የዋናውን ፎልደር አድራሻ በኢዝዲር ፈትሺው፤ ከሌለ ስክሪፕቱ እዚያው «አድራሻው ስህተት ነው» ብሎ ይቁም።

አድራሻ ካነሳን አይቀር፣ ኮድሽ ላይ ሰርቨሩን ዜድ ድራይቭ ብለሽ ነው የጻፍሽው። እንዲህ ያለ ፊደል የተሰጠው ድራይቭ ያለው ለገባሽበት አካውንት ብቻ ነው። ተርሚናሉን አድሚኒስትሬተር ሆነሽ ከከፈትሽው፣ ወይም ስክሪፕቱ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ ታስክ ሸጁለር ላይ ካስቀመጥሽው ዜድ ላይኖር ይችላል። ያኔ ዎክ ዝም ይልሻል። በሁለት ባክስላሽ የሚጀምረውን የሰርቨሩን ሙሉ አድራሻ ጻፊ። ባክስላሽ ያለበት አድራሻ ስትጽፊም ከጥቅሱ በፊት ትንሿን የእንግሊዝኛ አር አድርጊ፤ አለበለዚያ ፓይተን ባክስላሹን ከተከታዩ ፊደል ጋር አጣምሮ ሌላ ነገር ያደርገዋል፤ ከኤን ጋር አዲስ መስመር፣ ከቲ ጋር ታብ።

እነዚህን አስተካክለሽ ስትሞክሪው ስሙን እስከ መጨረሻው ልክ አድርገሽ የጻፍሽውን ፋይል ታገኛለሽ። የሠራተኞች ዝውውርን ግን አሁንም አታገኚውም።

ለምን እንደሆነ ጥያቄሽን መልሰሽ አንብቢው። «የሰራተኞች» ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ በሰ። ፎቶው ላይ ያለው የፋይል ስም ግን «የሠራተኞች» ነው፣ በሠ። ለዓይናችን አንድ ነው፣ ስናነበውም አንድ ነው፤ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው ያስተዋልኩት። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሠ ቁጥሩ 1220 ነው፣ ሰ ደግሞ 1230፤ ቁጥሮቹ በሄክሳ ናቸው፣ ማለትም በአሥር ሳይሆን በ16 መሠረት የሚቆጠሩ። ስክሪፕትሽ ቁጥር ነው የሚያስተያየው፣ ድምፅ አይሰማም።

ራስሽ ልታዪው ትችያለሽ። የፋይሉን ስም አስኪ በሚለው ፈንክሽን ውስጥ አስገብተሽ ፕሪንት አድርጊው። ተራ ፕሪንት አይጠቅምሽም፣ ሬፐር የሚባለው ፈንክሽንም አይጠቅምሽም፤ ሁለቱም ፊደሉን እንዳለ ያሳዩሻል፣ አንቺም ያንኑ ያታለለሽን ነገር ታያለሽ። አስኪ ግን ፊደሉን ትቶ ቁጥሩን ያወጣዋል። የጻፍሽውንና ፎልደሩ ውስጥ ያለውን አንዱን ከአንዱ በታች አስቀምጪ፤ አንዱ ላይ 1220፣ ሌላው ላይ 1230 ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። በስሙ መጨረሻ የተደበቀ ስፔስ ካለም ከጥቅሱ በፊት ይታይሻል።

አማርኛ ፋይል የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይሄን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ጸሐፊ የሚለውን አንድ ቃል ውሰጂ። ጸ እና ፀ ሁለት አሉ። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት አሉ። በአንድ ቃል 12 አጻጻፍ ይወጣል፣ ያውም ሁሉም በትክክል ይነበባል። «ዓመታዊ ሪፖርት» ላይ ዓ፣ ዐ፣ አ፣ ኣ አሉ። ቁጥርን ቍጥር ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ጎንደርን ጐንደር። ስምንት ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ ውስጥ ስንት ጸሐፊ እንዳለፈ አስቢ፤ እያንዳንዱ በለመደው ጽፏል፣ ማንም አላጠፋም። ዩኒኮድ አስተካክሎ የሚያቀራርብ ኖርማላይዝ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ለፈረንሳይኛ ዓይነት ምልክት ላላቸው ፊደሎች ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አይረዳሽም፣ ምክንያቱም ለእሱም ሠ እና ሰ የተለያዩ ናቸው። ሥራውን ራስሽ ነው የምትሠሪው።

አትፍሪ፣ ቀላል ነው። የፓይተን ትራንስሌት አንድ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፤ «ይሄን ስታይ ያንን አድርገው» የሚል። ፊደሎቻችን ዩኒኮድ ላይ በቤት በቤት ስለተደረደሩ ሁሉንም አንድ በአንድ መጻፍ አያስፈልግሽም። የሠ ቤት ከ1220 እስከ 1227 ነው፣ የሰ ቤት ከ1230 እስከ 1237። ከሰባቱም ፊደል እስከ ዲቃላው ሧ ድረስ በተመሳሳይ ርቀት ይገጥማሉ፤ በሄክሳ 10፣ በተለመደው ቁጥር 16 መደመር ብቻ ነው። የሐ ቤት 1210 ላይ ይጀምራል፣ ወደ ሀ ለመመለስ 16 ትቀንሻለሽ። የኀ ቤት ከ1280 ስለሚጀምር 128 ይቀነሳል። የፀ ቤት ከ1340፣ የጸ ቤት ከ1338፣ ስለዚህ 8 ይቀነሳል። ከዐ ወደ አ 48 ነው። አንድ አጭር ሉፕ አምስቱንም ይጨርሳል። ከዚያ በእጅሽ የምትጨምሪው ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፣ ቍን ወደ ቁ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንዳትስቺ፤ ትራንስሌት አንዴ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ሓን ወደ ሃ ከቀየረ በኋላ ሃን ደግሞ ወደ ሀ አይመልሰውም። ወይ ሓ፣ ኃ እና ዓን በቀጥታ ወደ ሀና ወደ አ ላኪያቸው፣ ወይ ሁለት ጊዜ አሳልፊው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አደራ እላለሁ። ይሄን የምታደርጊው ለማስተያየት ብቻ ነው። የፈለግሽውንም ስም፣ የፋይሉንም ስም በሰንጠረዡ አሳልፈሽ ታስተያያለሽ፤ ስክሪኑ ላይ የምታወጪው ግን የፋይሉን ዋናውን ስም ነው። የፋይሎቹን ስም አትቀይሪ። የሰው ስም በኃ ከተጻፈ በኃ ይቆይ፤ መታወቂያውም ባንክ ደብተሩም እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

እኩል ይሆናል የሚለውን ምልክትም ተይው። ዊንዶውስ እንደተገዛ ሲመጣ የፋይል ኤክስቴንሽን ይደብቃል። አንቺ «የሠራተኞች ዝውውር» ብቻ ነው የሚታይሽ፤ ትክክለኛ ስሙ ግን መጨረሻው ላይ ነጥብ ፒዲኤፍ አለው። ስለዚህ ፊደሉ ቢገጥም እንኳ እኩል አይሆንም። የሙከራ ፋይሎችሽን ራስሽ ስለፈጠርሻቸው ከነኤክስቴንሽናቸው ጽፈሻቸዋል፣ ለዚያ ነው እዚያ ያልታየሽ። «የፈለግኩት ቃል ስሙ ውስጥ አለ ወይ» ብለሽ በኢን ጠይቂ።

ጽ/ቤት የሚለውን ቃል በተመለከተ ደግሞ ትንሽ ጠንቀቅ በይ። ዊንዶውስ ላይ የፋይል ስም ውስጥ ስላሽ አይገባም። ሰው ደብዳቤው ላይ ጽ/ቤት ብሎ ፋይሉን ሲሰይም ግን «ጽቤት»፣ «ጽ-ቤት»፣ «ጽ.ቤት»፣ «ጽ ቤት» ያደርገዋል። አንቺ ስትፈልጊ በልማድ ጽ/ቤት ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ጆይን ውስጥ ከገባ ደግሞ «ጽ» የሚባል ፎልደር ውስጥ «ቤት» ፈልግ ማለት ይሆናል። ት/ቤትም፣ ዓ/ምም እንደዚያው። የሁለት ነጥብ ነገርም አለ፤ የፈረንጁን ዊንዶውስ አይቀበልም፣ የኛን ፡ ግን እንደ ማንኛውም ፊደል ይቀበላል፣ በአንዳንድ ኪቦርድ የሚጽፉ ሰዎች በስፔስ ፈንታ ያስገቡታል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስታስተያዪ ከሁለቱም ወገን ስፔሱንም፣ ነጥቡንም፣ ሰረዙንም፣ ስላሹንም፣ ፡ንም አውጥተሽ ጣዪ። የሚቀረው ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን።

የስም ርዝመትም አለ። መዝገብ ቤት ውስጥ የደብዳቤውን ጉዳይ እንዳለ ፋይል ስም ማድረግ የተለመደ ነው፤ «... እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ» ተብሎ ሁለት መስመር የሚሞላ። ዊንዶውስ ላይ ከድራይቩ እስከ ስሙ መጨረሻ ያለው አድራሻ በተለምዶ 260 ፊደል ነው ገደቡ። ካለፈ ኢዝፋይል «አይደለም» ይላል፣ እንደገና ያለ ኤረር። ሰርቨራችሁ አንድ ቀን ወደ ሊኑክስ ከተዛወረ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ አንድ የፋይል ስም 255 ባይት ነው የሚችለው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ወደ 85 ፊደል ማለት ነው። ኮፒ ሲደረግ ረጃጅሞቹ ላያልፉ ይችላሉ፤ የተዛወረ ቀን የሁለቱን ወገን ፋይል ብዛት ቁጠሩ።

ከ2009 በፊት ያለውን መዝገብ የምትጨምሪ ከሆነ የድሮዎቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሰው የሚጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር፤ ፎንቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የፋይል ስም ላይ ደግሞ ፎንት መምረጥ አይቻልም። ለእነዚያ ይሄ ሰንጠረዥ አይሠራም፣ ለብቻቸው ሌላ ቀን እንነጋገርባቸው።

አሁን የመጨረሻውን መስመር እንቀይር። «ፋይሉ የለም» የሚለውን አጥፊው። በእሱ ፈንታ ስክሪፕቱ ያየውን ይናገር። ስትዞሪ ፎልደሩንም ፋይሉንም ቁጠሪ፤ ሲያልቅ እንዲህ ያለ ነገር ይውጣ፦

«‹የሰራተኞች ዝውውር› ብዬ ፈለግኩ። 214 ፎልደር፣ 9,630 ፋይል አየሁ። 3 ፎልደር መክፈት አልቻልኩም። በዚህ ስም አላገኘሁም።»

ከሥሩ ደግሞ ያልተከፈቱትን የሦስቱን ስም ያውጣ። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፣ ያንቺ ሌላ ይሆናል። ግን ልዩነቱን እዪ። 0 ፎልደር ካለሽ አድራሻው ነው የተሳሳተው። 1 ፎልደር ካለሽ ሪተርኑ ነው። ያልተከፈተ ካለ ፈቃድ ነው፣ ሲስተም አድሚኑን ትጠይቂያለሽ። ሁሉም ተከፍቶ ካልተገኘ ያኔ አጻጻፉን ትጠረጥሪያለሽ፣ አጠር አድርገሽም «ዝውውር» ብቻ ብለሽ ትሞክሪያለሽ። ባለጉዳይ ፊትሽ ቆሞ ከሆነም «የለም» ከማለትሽ በፊት ምን እንደቀረሽ ታውቂያለሽ።

ዛሬ ሁሉንም አትሞክሪ። ጆይኑንና ሪተርኑን አስተካክለሽ ሦስቱን ፋይል በሦስት የተለያየ ፎልደር በትነሽ ሞክሪው። ሲያገኛቸው ወደ ዎክ እለፊ፣ ከዚያ ወደ ፊደሉ። ለፊደሉ ሙከራ አራት ባዶ ፋይል ፍጠሪ፤ ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ጸሀፊ፣ ፀሃፊ። በአንዱ ስም ፈልገሽ አራቱም ከመጡ ሰንጠረዡ ሠርቷል፣ አንዱ ከቀረ የጎደለው ፊደል የትኛው እንደሆነ ከዚያው ታዪዋለሽ። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሠራተኞች ዝውውር እምቢ ካለሽ ኮዱን አትላኪልኝ፤ አስኪ ያወጣቸውን ሁለቱን መስመሮች ብቻ ለጥፊልኝ፣ ከእነሱ አገኘዋለሁ።